ባህር ውስጥ ያለው የስፌት መኪናዬ

ለጣውንቴ፣
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? የልጅ ልጅሽ ሱፊያን በስልክ የነገረኝ የጉልበትሽ ሕመም ሻል አለሽ ወይ? ልጅሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? የድሬ ሙቀት በረደላችሁ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል ብላ አስተማሪያችን አስጠንታናለች። ሌላውን ሁሉ እንዳስተማረችኝ ጻፍኩ፤ ይህችን ግን ዘለልኳት። አልናፈቅሽኝም። ፊደል በስልሳ ዓመቴ የለቀምኩት ውሸት ልጽፍበት አይደለም።

አትቆጪ፣ ንባቡንም አታቋርጪ። ለጠብ አይደለም የምጽፍልሽ። ደስ ብሎኛል። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስፈልግ ደግሞ፣ የአላህን ሥራ እይልኝ፣ ከአንቺ በቀር የሚገባው ሰው አጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ሱፊያን ጨዋ ልጅ ነው፤ ቢሆንም እሱ አያንብብልሽ። በሰው አፍ ያለፈ ደብዳቤ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ያኔ በየመን፣ በኤደን ጦርነት ዓመት፣ ከዚያው የላክሽልኝን ደብዳቤ ያነበበልኝ ዓብዱልመጂድ ነበር፤ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈራችን፣ ሱቁ ደጃፍ አስቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሙሕሲን ወደ አንቺ ከወጣ ሁለት ወር አለፈው፤ ባሌን መልሽልኝ» ይል ነበር ደብዳቤሽ። እሱ አንብቦ ሳይጨርስ ሰፈሩ ስቆ ጨረሰ። ወረቀቱን አጥፎ ሲሰጠኝ፣ «እዚያ የለም፣ እዚህ የለም፤ ሁለታችሁንም ጥሎ ሱዑዲ ገብቷላ!» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ባል ያመለጣት» ሆነ። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሴቶች እንኳ ቤቴን ለሰው ሲጠቁሙ እንደዚያ ነበር የሚሉት።

እንግዲህ ሳስበው እኔንና አንቺን ያሳሳተን ተራ መጠበቅ ነው። ሰውየው ሁለት ቤት የያዘ ነጋዴ፣ አንድ ጊዜ እዚህ፣ አንድ ጊዜ እዚያ። ሲዘገይ እኔ «የሷ ተራ ነው» እላለሁ፤ አንቺም ኤደን ተቀምጠሽ «የሷ ተራ ነው» ትያለሽ። አንድ ሚስት ብቻ ያለችው ሰው ቢሆን ኖሮ ወደብ ወርጄ «ባሌን አያችሁ ወይ?» እያልኩ መርከበኛውን ሁሉ ባስጨነቅሁ ነበር። ሁለት ሚስት ያለውን ሰው ግን ባህር ቢበላው ማን ይፈልገዋል? አንዷ ጋ ነው ይባላል። ደብዳቤሽ ሲነበብልኝም «ደብቃው ነው፤ ለማዘናጋት ነው የጻፈችው» አልኩ። አንቺም ስለ እኔ ያንኑ እንዳልሽ ሱፊያን ነግሮኛል።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን የደብዳቤው መጨረሻ ነው። «የስፌት መኪና ገዝቶልኛል፤ ያንቺንም ይዞልሽ ወጥቷል» ብለሽ ነበር። የሙሕሲንን እኩልነት ታውቂያለሽ። ለአንቺ ሻሽ ከገዛ ለእኔም ያንኑ ሻሽ፣ ያንኑ ቀለም ነው። ቀለሙ ለአንዳችን እንደማይሄድ እንኳ አይቶ አያውቅም። «ነገ አላህ ፊት አንድ ጎኔ ተንጋዶ አልቆምም» ይል ነበር። ታዲያ አንቺ ጋ መኪና አለ፤ እኔ ጋ ባልም መኪናም የለም። የእኔን ሸጦ በልቶታል አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው መኪና፣ በኪራይ፣ የሰውን ሙሽራ አለበስኩ። አንቺ ደግሞ የመጨረሻው ጦርነት ከኤደን ሲያስወጣሽ ያችኑ መኪናሽን በሻሽ ጠቅልለሽ፣ እንደ ሕፃን ታቅፈሽ በኦቦክ ወደብ መጣሽ አሉ። በጅቡቲ አለፍሽ፤ በሬን ሳታንኳኪ ድሬ ገባሽ። ይህንንም አልረሳሁትም፤ ይጻፍ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሳብሪን የምትባል ልጅ አለች፤ እዚሁ 7 ቢስ አድጋ፣ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች። ሥራዋ የሰመጠ መርከብ ማጥናት ነው። አየር በጀርባዋ ተሸክማ ባህር ውስጥ ትገባለች፤ እዚያ የወደቀውን ትለካለች፣ ትስላለች፣ ፎቶ ታነሳለች። እናቷ «ልጄን ለሐኪምነት ብልካት ዓሣ ሆና መጣች» ትላለች። መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉበትን ቦታ ሊያሰፉ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ባህሩ ሥር ምን እንዳለ እዩ ተብለው እሷና ጓደኞቿ ተልከው ነበር።

ወደ እኔ የመጣችው ከረጢት ላሰፋ ብላ ነው፤ ውሃና አሸዋ የሚያሳልፍ የመረብ ከረጢት። ስለካላት ስልኳን አውጥታ፣ «ኤዶ፣ አንቺ የስፌት ሰው ነሽ፣ ይሄ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ኤዶ ነው የምትለኝ፣ እንደ አክስቷ። አየሁት፤ ድንጋይ ነው። ዛጎል የበላው፣ ትናንሽ ዓሦች ጎጆ የሠሩበት ድንጋይ። ቆየት ብዬ ሳየው በእጅ የሚዞረው መንኮራኩር ታየኝ። ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ መርፌው የሚገባበት። «የስፌት መኪና ነው» አልኳት። «የት አገኘሽው?» አልኳት። ከሙሻ ደሴት ወዲህ፣ የሰመጠ ሰንቡክ፣ የነጋዴ የእንጨት ጀልባ፣ ውስጥ አለችኝ።

ከወንበሬ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ፣ የሰንቡኩ አፍንጫ ወዴት ነው የዞረው ብዬ ጠየቅኋት። «ወደ ከተማው ነው፤ ግን ኤዶ፣ ጀልባ ሲሰምጥ ይዞራልና አፍንጫው ማስረጃ አይሆንም» አለችኝ። ለቢሮዋ አይሁናት። ለእኔ ሆኖኛል።

በሉ አውጡልኝ ስላት ሳቀችብኝ። የነሱ ሥራ ማውጣት አይደለም አሉ፤ ባለበት ማቆየት ነው። ዕቃ በወደቀበት ካለ ማን እንደጫነው፣ ከማን ጎን እንደነበረ፣ ከወዴት እንደመጣ ይናገራል፤ ከተነሳ ዝም ይላል አለችኝ። ደግሞም ሠላሳ ዓመት ጨው የጠጣ ብረት አየር ሲያገኘው እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል፤ ለማዳን ጨው በሌለው ውሃ ዓመት ከዓመት መዘፍዘፍ አለበት። «ታዲያ እኔስ?» አልኳት፣ «እኔ አልተፈረፈርኩም?» ልጅቷ አንገቴን አቀፈችኝ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ዓብዱልመጂድ፣ ደብዳቤ አንባቢው፣ ዛሬ የውራጅ ብረት ነጋዴ ሆኗል፤ ክሬን የተተከለበት ጀልባም አለው። የሰንቡኩን ሞተርና መልሕቅ፣ የቀረውንም ብረት ጎትቶ ሊያወጣ ፈቃድ ይዟል። ሳብሪን ቢሮ ሄዳ ጮኸች። ሹሙ «ሰንቡኩ መቶ ዓመት አልሞላውም፣ ሕጉ ቅርስ አይለውም» አላት። እሷም ከሰንቡኩ ሥር ሌላ መርከብ አለ፣ ከቅድመ አያቶቻችን በፊት የሰመጠ፣ ገንቦዎቹ ብቻ የቀሩለት፤ ክሬኑ የላዩን ሲጎትት የሥሩን ይፈጨዋል አለች። «ቀስ ብሎ ያነሳዋል» አሏት። ዓብዱልመጂድና ቀስ ማለት! አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ሰንቡኩ ማንነቱ የታወቀ ሰው የሞተበት መሆኑ ከተረጋገጠ መቃብር ነው፤ መቃብር ደግሞ በክሬን አይነካም። ግን ስም የሌለው ሰንቡክ፣ አጥንት እንኳ ያልተረፈበት፣ የማን መቃብር ነው ይባላል?

እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ዓብዱልመጂድ ዘንድ ሄድኩ። እነዚያው ሰዎች፣ ሽበት ጨምረው፣ እዚያው ደጃፍ ተቀምጠዋል። «ያ ሰንቡክ የባሌ መቃብር ነው፤ እጅህን አንሳ» አልኩት። የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጦ ሳቀ። «እትዬ፣ ሰውየው ይሄኔ ጅዳ ላይ ልጆቹን እየዳረ ነው፤ አንቺ ከባህር ልታወጪው ነው? ማን ነገረሽ፣ ዓሣው?» አለኝ። ሰዎቹም ሳቁ። «አንተ የምታነበው የሰው ደብዳቤ ነው፤ ባህር ማንበብ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» ብዬው ተመለስኩ። አፌ ደፋር ነው፣ ታውቂዋለሽ። መንገዱን ሙሉ ግን ክሬኑን ነበር የማስበው። ያ ክሬን ወርዶ መኪናዬን ከሞተሩ ጋር አፍሶ ቢያወጣው፣ «ባል ያመለጣት» እንደተባልኩ ልቀበር ነው።

ሳብሪን ተመልሳ ባህር ገባች። መኪናው ላይ የተመታች ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አለች፤ ነሐስ እንደ ብረት አያልቅም። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ያለውን ዛጎል ብቻ አንስታ የፋብሪካውን ቁጥር ፎቶ አንስታ መጣች። አብሮ መገዛቱን የሚያሳይ፣ ጎን ለጎን የሚቆም ሌላ ቁጥር ያስፈልገን ነበር። በዓለም ላይ ያ ቁጥር ያለው ደግሞ አንቺ ቤት ነው።

ሠላሳ ዓመት የተጣላሁት ሰው ጋ ስደውል ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። «የስፌት መኪናሽን ቁጥር ንገሪኝ» አልኩሽ፤ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥሽ። «ባሌን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ መኪናዬን ልትወስጂ ነው?» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

ሱፊያን መልሶ ደወለ፤ አስረዳሁት። ፎቶውን ላከ። እሱ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ግን ማንም ሳይጠይቅሽ ቃዲው ዘንድ ሄደሽ ቃልሽን በድምፅ አስቀድተሽ ላክሽልኝ። እዚህ የሰማነው እንዲህ ነው፤ «ሙሕሲን ጦርነቱ ሲብስ ከኤደን በሰንቡክ ወጣ። ለታላቂቱ ሚስቱ የገዛላትን መኪና ተሸክሞ ወጣ። አንድ መኪና ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወደ ሷ ነው የሄደው።» ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሜ ሰማኋት። ወደ ሷ ነው የሄደው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልናገራትም ነበር። ይህን በፊደል ማስቀመጤን የውለታሽ ምላሽ አድርጊው።

ቀኑ ደርሶ ቢሮ ገባን። ሹሙ አለ፣ የኛ ቃዲ አለ፣ ዓብዱልመጂድ ነጭ ቆቡን ደፍቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሳብሪን ሁለቱን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራችው። ሰሌዳው ያው ሰሌዳ፤ የፋብሪካው ምልክት ያው ምልክት። ቁጥሩ የአንቺ በአንድ ያልቃል፣ የባህሩ በሁለት። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ዓብዱልመጂድ በፈረንሳይኛ «የስፌት መኪና ማንም ይገዛል» አለ፣ እኔ እንዳልሰማው። ሳብሪን የአንቺን ድምፅ ከፈተችው። ድምፅሽ አርጅቷል። ቢሆንም ክፍሉን ሞላው።

ስትጨርሺ ሹሙ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ «አላህ ይዘንለት» አለ።

ይገባሻል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሙሕሲን «አላህ ያምጣው» ሲሉልኝ፣ «አላህ ይፍረድበት» ሲሉልኝ ኖርኩ። «አላህ ይዘንለት» ሲባልለት በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቃዲው አሚን አለ። ሳብሪን አሚን አለች። እኔ ዓይኔን ዓብዱልመጂድ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። አፉን ጠረገ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ከዚያ «አሚን» አለ። ወዶ ይሁን ጠልቶ አልመረመርኩም፤ ሰማሁት፣ በቃኝ።

ቦታው ተከለለ። ቢጫ ተንሳፋፊ ምልክት ዙሪያውን ቆሟል፤ መልሕቅ አይጣልበትም፣ መረብ አይጎተትበትም፣ ብረት አይነሳበትም። የሥሩ አሮጌ መርከብም አብሮ ተጠበቀ። ሳብሪን «ሙሕሲን ገንቦዎቹን አዳነልን» ትላለች። የክሬኑ ጀልባ ባዶውን ሲመለስ በዓይኔ ልየው ብዬ ወደብ ወርጄ ቆሜ አየሁት። ፀሐዩ አናቴን ሊሰነጥቀው ነበር፤ አልተንቀሳቀስኩም።

ቃዲውን ከቢሮው ስንወጣ «ዒዳዬን፣ የአራት ወር ከአሥር ቀኑን ሐዘን፣ መቼ ልቀመጥ?» አልኩት። «ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ዒዳሽ ያኔውኑ አልቋል» አለኝ። «ሳላውቀው?» አልኩት። «ሳታውቂው» አለኝ። እኔ እስከ ዛሬ እዚያው ዒዳ ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ! ሆኖም ነጭ ገዛሁ። የሞተባት ሴት ነጭ። በራሴ እጅ ሰፍቼ ለበስኩትና በ7 ቢስ መሐል፣ በዓብዱልመጂድ ሱቅ ፊት፣ ቀስ ብዬ አለፍኩ። እነዚያ ተቀማጮች አንድ በአንድ ተነሱ፤ «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። ሴቶቹ ሩዝና ስኳር ተሸክመው ለቅሶ መጡ። ከበሩ ውጭ ጫማ ተከመረ። አልቃሹ ሁሉ ፊቴን እያየ ግራ ገባው፤ ለቅሶ ላይ እንደ እኔ ፊቱ የበራ ሰው አይተው አያውቁምና። አንዲቱማ «ምነው ሰርግ አስመሰልሽው» አለችኝ። «ዘግይቶ የመጣ እንግዳ በደስታ ነው የሚቀበሉት» አልኳት።

መጀመሪያ ላይ ራስሽ አንብቢው ያልኩሽ ለሚቀጥለው ነው።

ለቅሶው ሲበተን ሳብሪን መጣች። ውሃው አሸዋውን ሲገፋው ከመኪናዬ አጠገብ ሌላ መኪና ወጥቷል አለችኝ። ያው ሰሌዳ፣ ያው ምልክት። ቁጥሩ በሦስት ያልቃል። እሷ እኔን አየች፣ እኔም እሷን። «የሌላ ነጋዴ ይሆናል» አልኳት። «ይሆናል፣ ኤዶ» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ። ቢሮው ግን ሁለት ከሆነ አንዱን አውጥተን ለሕዝብ እናሳይ፣ ታሪኩንም እንጻፍበት ብሏል፤ የሟች ቤተሰብ ስለሆንሽ አንቺ ፍቀጂ አሉኝ።

አልፈቀድኩም። «በወደቀበት ይቆይ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አልኳት። «አሸዋውን መልሺበት።» መለሰችበት።

አንቺ ያየሽው አንድ ነው፤ ባህር ያየው ሁለት። የሙሕሲንን እኩልነት ታውቂያለሽ። ከዚህ በላይ እጄ አልጽፍም ብሏል።

ባለፈው ጁሙዓ በጀልባ ወጥተን፣ ቢጫው ምልክት አጠገብ ሞተሩን አጥፍተን ዱዓ አደረግን። ባህሩ ዘይት ይመስል ነበር። ከዚያ ከመርከብ ማረፊያው ዳር፣ የዳስ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ቁርኣን አስቀራሁ። የሙሕሲን ስም በራዲዮ በአፋርኛም ተነግሮ ኖሮ የማላውቀው ሰው ብዙ መጣ። ከነሱ መሐል አንዲት ሴት ነበረች፤ በእኔና በአንቺ ዕድሜ የምትሆን፣ ከባህሩ ማዶ ከታጁራ በጀልባ የመጣች። ፀሐይ ላይ፣ ከሰው ራቅ ብላ ቆማ ታለቅሳለች፤ ድምፅ የላትም። ማን እንደሆነች የሚጠይቅ መጣና ዝም በል ብዬ መለስኩት። ተነስቼ እጇን ያዝኩ። «አሚን ማለት ይፈቀድልኛል?» አለችኝ በዓረብኛ። ይህን ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

እኔ ስፌት ሳላይ አላልፍም፤ የሙያዬ ነገር ነው። የልብሷ ጠርዝ ዙሪያውን በእጅ የተሰፋ ነበር፤ መኪና ያልነካው።

ወደ ምንጣፌ ወሰድኳትና ጠጋ አልኩላት። ተቀመጠች።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። በልጅሽና በልጅ ልጆችሽ ክፉ አያሳይሽ፤ ሱፊያንን ትልቅ ሰው ያድርግልሽ። ሙሕሲንን ባህር ሸሂድ፣ ሰማዕት፣ አድርጎ እንደወሰደው በጀነት ያሳርፈው፤ እኛን ከዚያ በፊት እርስ በርሳችን ዓፉ ያስባብለን። ባቡሩ ከድሬ ጠዋት ተነስቶ ጀንበር ሳትጠልቅ ያደርስሻል። በዚህኛው ጊዜ በሬን አንኳኪ። ወደ ምልክቱ አብረን እንወጣለን፤ ከዚያ እዚያው ዳር እንቀመጣለን። ምንጣፌ ሰፊ ነው፤ ለሦስት ሴት ይበቃል።

ታላቂቱ ጣውንትሽ፣
ከጅቡቲ